ስም ያልተጻፈበት ትሪ

ሥራ የጀመርኩት በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ከምኖርበት ከተማ ከኦሮራ ተነሥቼ፣ ቶርንተን እስከሚባለው ከተማ ድረስ ሦስት አውቶቡስ ቀያይሬ፣ አድራሻ የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ጓንቴ ውስጥ ይዤ፣ አንድ ሰፊ ጋራዥ ፊት ደረስኩ። ሥራውን የጠቆመኝ ሰው «የሥጋ ቤት ጽዳት ነው» ብሎኝ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ዌይን የሚባሉ ነጭ ሽማግሌ ናቸው። እስከ ክርናቸው የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቀዋል። ከኋላቸው የብረት ጠረጴዛ ላይ አንድ ጠጉራም ፍጡር በጀርባው ተንጋሏል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ቢቨር ነው። አይተሽ አታውቂም?»

አላውቅም ነበር። አይጥ መሰለኝ፤ ግን ከበግ የሚከብድ አይጥ። ጥርሱ እንደ ዛገ ብረት ቀልቷል፤ ጅራቱ ጠፍጣፋና ቅርፊታም ነው። የፊት እግሮቹ ትንንሽ እጅ ይመስላሉ፤ ጣት አላቸው፤ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል። በልቤ «እመቤቴ፣ ምን ውስጥ ነው ያስገባሽኝ» አልኩ።

ሚስተር ዌይን ሥራቸውን ቆመው አስረዱኝ። ቢቨር ዛፍ ገዝግዞ ይጥላል፤ ቦይ ይገድባል፤ ውኃው ወደ ሰው ምድር ቤት ይገባል። የቦዩ ባለቤቶች ይደውላሉ፣ እሳቸው ያጠምዳሉ። ቆዳውን ይሸጣሉ። የዱር እንስሳ ሥጋ መሸጥ ስለማይፈቀድ ሥጋውን ለሚበሉ ሰዎች በነፃ ይሰጣሉ። የእኔ ሥራ ጠረጴዛውን፣ ወለሉንና ፍሪጁን ማጽዳት ነው።

«እዚህ ቤት ሕጉ አንድ ነው» አሉኝ፣ ጥቁር ማርከር እየሰጡኝ። «ስም ያልተጻፈበት ነገር ፍሪጅ አይገባም። እኔ ራሴ እንኳ ብገባ፣ ስሜን ጽፈሽ ግንባሬ ላይ ለጥፊብኝ።»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የዚያን ቀን ትምህርት ይኸው ነበር።

ያኔ የምኖረው ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ ጋሽ ይርጋ ቤት ነው። ጋሽ ይርጋ ዘመዴ አይደሉም። ከሀገሬ እንደመጣሁ የሚቀበለኝ ሰው ቀርቶብኝ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሻንጣዬን ይዤ ሲያገኙኝ፣ «ለዛሬ እኛ ጋ እደሪ» ያሉኝ ሰው ናቸው። ያ «ለዛሬ» ሁለት ዓመት ሆነ። ከባለቤታቸው ጋር በቁርባን የተጋቡ፣ ባለቤታቸው ከሞቱም በኋላ ሥጋ ወደሙን ያላቋረጡ፣ ዳዊት ሳይደግሙ ውኃ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ብሌን እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት።

ማታ ራት ላይ «ሥራው እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው ጋሼ። ሥጋ ቤት ነው።»

የእንስሳውን ስም አልነገርኳቸውም።

ለነፍስ አባቴ ግን በዚያው ሳምንት ተናገርኩ። አባ ብዙ አላስጨነቁኝም። «መንካት ሌላ ነው፣ መብላት ሌላ ነው። ታጠቢ፣ አትቅመሺ፣ እንጀራሽን ብዪ» አሉኝ። በእግዚአብሔር ፊት የሚያሳፍረኝ ነገር አልነበረም ማለት ነው። የማፍረው ከሰው ነበር።

በሦስተኛው ወር ካራ ያዝኩ። ሚስተር ዌይን ጣታቸውን የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞታል፤ እኔ ደግሞ የሥጋ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ብልት ማውጣት ከአባቴ እጅ ነው ያየሁት። ቢቨር የሚገፈፈው ከአገጩ እስከ ጅራቱ ሥር በአንድ መስመር ተተልትሎ ነው። ቆዳው እንደ በግ ተስቦ አይላቀቅም። ከጮማው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በካራ ጫፍ እየተፋቀ፣ ጣት በጣት ነው የሚለየው። ከዚያ ሰሌዳ ላይ ክብ ተደርጎ ተወጥሮ በምስማር ይመታል። የመጀመሪያውን ቆዳ አራት ቦታ በሳሁት። ሚስተር ዌይን ብርሃን ላይ አንሥተው በቀዳዳው አዩኝና፣ «መስኮት ያለው ኮፍያ ይወጣዋል» አሉ።

ከጅራቱ ሥር ሁለት ከረጢቶች አሉ። ውስጣቸው ያለው ቅባት ሽታው ከጥርኝ ዝባድ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሽቶ ሠሪም አጥማጅም ይፈልገዋል። ከረጢቱ ከተነካ ግን ሥጋው በሙሉ ይበላሻል። አንድ ቀን ካራዬ ሳተና አፈነዳሁት። ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሄዱ። ቀጥሎ የተቀመጠውም ተነሣ። ኮልፋክስን ሙሉ፣ ግራና ቀኜ ባዶ ሆኖ ዳዊቴን በልቤ እየደገምኩ ሄድኩ። በነጋታው መኪና መንዳት ለመማር ተመዘገብኩ።

ሥጋውን ለመብል ማዘጋጀት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጉበቱ ይታያል። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለበት ጠቅላላው ይጣላል፤ «የጥንቸል ትኩሳት» የሚሉት በሽታ ምልክት ነው፣ ሰውን ይይዛል። ጓንት የሚጠለቀውም ለዚሁ ነው። ከዚያ ጮማው አንድም ሳይቀር ይወጣል፤ መጥፎ ጠረኑ ያለው እሱ ላይ ነው። የኋላ እግሮቹና የጀርባው ሥጋ ሌሊቱን ጨው ውኃ ውስጥ ያድራሉ። ሲወጣ ሥጋው ቀይ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ስስ ጭረት እንኳ ጮማ የሌለው ነው። ለማያውቅ ሰው የበሬ ቀይ ሥጋ ነው። የሚበላው ግን በደንብ ተቀቅሎ ብቻ ነው። ሚስተር ዌይን ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸውን አንሥተው ነበር። «ጥሬውን፣ በጭራሽ!»

ጋራዡ ውስጥ ምድጃ ነበረ። ቢቨሩን በሽንኩርትና በካሮት ቀስ አድርጌ እቀቅላለሁ። ከሚወስዱት ሰዎች የማይቀሩት ሃንክ የሚባሉ ተራራ ላይ ያደጉ ሽማግሌ ነበሩ። እሑድ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት በአሮጌ ፒካፕ ይመጣሉ።

«አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመስሽውም?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አልቀመስኩም።»

«ታዲያ ጨው መመጠኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«በአፍንጫዬ።» እውነቴን ነው። በጾም ቀን የፍስክ ወጥ የሠራች ሴት ይህ አይቸግራትም።

«አያቴ ዓርብ ዓርብ ይበሉት ነበር» አሉ ሃንክ። «ውኃ ውስጥ ስለሚኖር ዓሣ ነው ብለው።»

«እኛ ጋ ዓርብ ዓሣውም አይበላም።»

«እናንተ ጋ ምን ቀረ ታዲያ?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

የሚስተር ዌይን ዳሌ ሲታመም ወጥመዱንም ተማርኩ። ወጥመዱ እንደ ሻንጣ የሚከፈትና የሚዘጋ የሽቦ ቀፎ ነው። ቢቨሩ ከውኃ በሚወጣበት መንገድ ላይ ግማሹ ውኃ ውስጥ ሆኖ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ጭቃ ተከምሮ ያ ዝባድ መሳይ ቅባት ይቀባበታል። ሌላ ቢቨር ግዛቴን ደፈረ ብሎ ሊያሸት ሲመጣ ይዘጋበታል። የተያዘውን አያቆስለውም። ስለዚህ በየቀኑ እየተሄደ መታየት አለበት፤ ሕግ ነው። የሚገድሉት ሚስተር ዌይን ናቸው፣ በትንሿ ጠመንጃ፣ በአንድ ጥይት። እኔ ፊቴን አዞራለሁ። የተያዘ ቢቨር አይጮህም። እነዚያን ትንንሽ እጆቹን አጣምሮ ቁጭ ይላል። በዚህ ሥራ ላይ ያልለመድኩት ይህንን ነው።

እንዲህ ሆኖ ስድስተኛው ዓመት ደረሰ። የራሴ አፓርታማና የራሴ መኪና ነበረኝ። ማኅበራችን ስምንት ቤት ነው። ለቅበላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ከኦሮራ ወዲያ ካለ እርሻ አንድ በሬ እንገዛና ወንዶቹ በስመ አብ ብለው አርደው ቅርጫ እንካፈላለን። በዚያ ዓመት ብርዱ ጠና። የማኅበሩ ነገር አዋቂ ደምሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለኝ፦

«አስካለ፣ ባለፈው ዓመት ነፋሱ ጣታችንን ከሥጋው ጋር ሊቆርጠን ነበር። አንቺ ጋ ማንጠልጠያው አለ፣ ጠረጴዛው አለ። እስቲ ይኼን ሥጋ ቤትሽን አሳዪን። ወይስ አህያ ነው የምትሸጡት?»

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ይርጋም ፈገግ አሉ። «አይሆንም» ብል ለምን ሊሉኝ ነው። «ኑ» አልኩ።

ሚስተር ዌይን ፈቀዱ። «ሳታቆሽሹ ግቡ፣ ሳታቆሽሹ ውጡ» አሉ።

ሁለት ቀን አጸዳሁ። የታሸገውን የቢቨር ሥጋ በሙሉ ከጀርባ ወዳለው ክፍል ዲፕ ፍሪዘር ወሰድኩ። ቆዳ የተወጠረባቸውን ሰሌዳዎች አውርጄ አንሶላ አለበስኳቸው። ካራዎቹን ቀቀልኩ። ጠረጴዛውን በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ በአራቱ ማዕዘን ጠበል ረጨሁ። የክርስቲያን ሥጋ ከርኩስ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይገናኝ ይህን ሁሉ አደረግሁ።

አንድ ነገር ቀረ። የሃንክ ሁለት የኋላ እግሮች ጨው ውኃ ውስጥ ነበሩ። ፍሪዘር ቢገቡ ይደርቃሉ፤ እሳቸው የበረደ እንጂ በረዶ የሆነ አይወዱም። እንደሚፈልጉት አጥንቱን አወጣሁ፣ በጨርቅ አደረቅሁት፣ ብረት ትሪ ላይ አድርጌ ነጭ ወረቀት አለበስኩት። «ቢቨር» ብዬ ልጽፍበት ማርከሩን አነሣሁ።

ነገ አሥር ወንድ ይህን ፍሪጅ ይከፍታል። ደምሴ ያነባል። ጋሽ ይርጋ ያነባሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ እጄን ታጥቤ ማዕዳቸው ላይ የቀረብኩት ከምን ሥራ ተነሥቼ እንደሆነ ያውቃሉ።

ማርከሩን ከድኜ የሽርጤ ኪስ ውስጥ መለስኩት። ትሪውን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ወደ ጥግ ገፋሁት። «አንድ ቀን ነው» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የበሬውን ብልቶች በደምሴ መኪና አመጡ። ጋሽ ይርጋ ጸሎት አደረሱ፣ ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዕጣውን ያዙ። ወንዶቹ ሻኛውን፣ ጎድኑን፣ ዳቢቱን እየለዩ ስምንት መደብ መደቡ። ሥጋው ትኩስ ስለነበረ ቀዩን ቀዩን በእኔ ትሪዎች እያደረጉ ተራው እስኪደርስ ፍሪጅ ያስቀምጡ ነበር። እኔ በዐይኔ ታችኛውን መደርደሪያ እጠብቃለሁ።

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሚስተር ዌይን ናቸው። ከአልጋ መነሣት አቅቷቸዋል፣ የኦሮራው ቦይ ወጥመድ ደግሞ ዛሬ አልታየም። ሄድኩ። ባዶ ቢሆን በአንድ ሰዓት ተኩል እመለስ ነበር። ባዶ አልነበረም። ደወልኩላቸው፤ እያቃሰቱም ቢሆን እንደሚመጡ ነገሩኝ። እስኪመጡ ከሁለት ሰዓት በላይ ቦዩ ዳር ቆሜ ጠበቅሁ። ቢቨሩም እጁን አጣምሮ ጠበቀ።

ስመለስ ዕጣው ወጥቷል፤ ወለሉ ታጥቧል። ትሪዎቼ ታጥበው ተደራርበዋል።

«የአንቺ ያውልሽ» አለኝ ደምሴ፣ ከረጢት እያሳየኝ። «ሴትየዋ ቤታቸውን ትተውልን ጠፉ። ፈርተሽን ነው?»

«ሥራ ነበረብኝ» አልኩ። መኪናዬ ላይ ያለውን ቢቨር ሳያዩ ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው። ፍሪጁን አልከፈትኩም።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ በዘጠኝ ሰዓት ቶርንተን ደረስኩ። ሃንክ ፒካፓቸው ላይ ተደግፈው ይጠብቁኛል። ፍሪጁን ከፈትኩ። ታችኛው መደርደሪያ ባዶ ነው።

እዚያው ሆኜ ደምሴ ጋ ደወልኩ።

«ታች የነበረውን ትሪ ምን አደረጋችሁት?»

«ያንን ቀዩን? አንዱ መደብ አንሶ ነበር፣ እሱ ላይ ጨመርነው። ምን ሆነ?»

«ለማን ደረሰ?»

«እኔ በምን ዐውቄ? ዕጣ አይደል እንዴ!»

«ደምሴ፣ በሬ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ነገርኩት። ቢቨር ምን እንደሆነም ማስረዳት ነበረብኝ። «አህያ በሆነ» አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ከዚያ በየቤቱ ደወልኩ። «ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ጮማ የሌለው፣ አጥንት የሌለው ሥጋ ካለ እንዳትነኩ» አልኩ። «ቆይ ልየው» እያሉ ከረጢታቸውን ሲያንኮሻኩሹ በስልክ እሰማለሁ። የራሴን ጨምሮ ሰባቱ ቤት የለም። ጋሽ ይርጋ ስልክ አላነሡም።

ከቶርንተን ኦሮራ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ፓርክ ያደረግኩት የእሳት አደጋ መኪና መቆሚያ ላይ ነበር። ብሌን ከፈተችልኝ።

«አንቲ! ካም ኢን፣ ላንቺም አስቀምጠናል። እኔ እንኳ ጥሬ አልበላም፣ ዩ ኖው። ዳዲ ብቻውን ሊጨርሰው ነው።»

ጋሽ ይርጋ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጠረጴዛው ላይ ቀርበዋል። ፊታቸው መክተፊያ፣ ቢላዋና ሚጥሚጣ አለ። ሥጋው ሁለት ጣት ያህል ቀርቷል።

«ነይ አስካለ ልጄ፣ ነይ ጉረሺ» አሉኝ። «የዘንድሮ በሬ እንዴት ያለ ለስላሳ ነው! ከነገ ጀምሮ የለም።»

ቢላዋውን ከእጃቸው ወሰድኩት። ቆሜ ነገርኳቸው። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ።

ጣታቸውን በመሐረብ አንድ በአንድ ጠረጉ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው?»

«ሰኮና የለውም ጋሼ።»

«ያመሰኳል?»

«አያመሰኳም።»

«በስመ አብ ተብሎበታል?»

«በጥይት ነው የሞተው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብሌን በሁለታችን መካከል ቆማ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች። «ዋት? ዋት ዲድ ሂ ኢት?» ትላለች።

«አውቀሽ ነው ያስቀመጥሽው?» አሉኝ ጋሽ ይርጋ።

«ለሌላ ሰው ነበር። የሥጋውን ስም መጻፍ ረስቼ ነው ጋሼ። ረስቼ።»

«መርሳትማ የሰው ነው» አሉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ።» ተነሥተው መታጠቢያ ቤት ገቡ። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማን።

ለብሌን ስለ ትኩሳቱ ነገርኳት። ጉበቱን አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነበር፤ ግን ካተኮሳቸው ለሐኪም ይኼንን ንገሪ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ያንን ጻፍኩ።

በጾሙ አራተኛ ቀን አተኮሳቸው። ሆስፒታል ሄጄ ለሐኪሟ ራሴ ሁሉንም ነገርኳት። «ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቃል፤ ስለነገርሽን እናመሰግናለን» አለችኝ። ዘጠኝ ቀን ተኙ። ከዚያው ሥጋ ይሁን፣ ከሌላ ይሁን፣ ቁርጡን የነገረን የለም። ድነው ወጡ።

ለሚስተር ዌይን የነገርኳቸው በዚያው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስሙስ?» ብለው ነው።

«አልጻፍኩትም።»

«ረሳሽ?»

ለእሳቸው መዋሸት አልቻልኩም። «አይ። እንዳያነቡት ነው። አፍሬ።»

የቆዳ ሰሌዳዎቹን አዩ፤ አንሶላውን ገና አላነሣሁትም ነበር። «ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው» አሉ። አልተቆጡም። እያነከሱ ሄደው አንሶላውን አንድ በአንድ ገፈፉና አጣጥፈው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላም አብረን ሠራን፣ ቀልድ ግን አልቀለዱልኝም።

ማኅበሩ አላባረረኝም። ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም። ብቻ በሚቀጥለው ቅበላ የደወለልኝ አልነበረም። ድግስ ቤት ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት ልላጥ ስል፣ «ተይው አንቺ፣ አትድከሚ፣ ተቀመጪ» ይሉኛል። በአክብሮት ነው የሚሉኝ።

የከፋው ይህ አይደለም። አባ ለጋሽ ይርጋ ቀኖና ሰጧቸው፤ ጾሙን፣ ስግደቱን ፈጸሙ፣ ጠበል ተጠመቁ። ለትንሣኤ አባ «ተፈትተሃል፣ ቅረብ» አሏቸው። አልቀረቡም። በሐምሌም አልቀረቡም። ድሮ ከፊት ይቆሙ የነበሩት ሰው ወደ ኋላ፣ በሩ አጠገብ መቆም ጀመሩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ቀድመው ይወጣሉ።

ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ እንዲቆርቡ ለመንኳቸው።

«ተነሽ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? ረሳሽ እንጂ» አሉኝ። «አባ ፈትተውኛል። እኔ ግን በልቼ ጣፍጦኛል። ጣዕሙ አፌ ላይ አለ። በዚህ አፍ እንዴት ብዬ?»

ያን ጊዜ ልነግራቸው ነበር። «አልረሳሁም» ልላቸው ነበር። ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ለሥጋቸው ያለውን እውነት ለሐኪሟ ተናግሬያለሁ። ለአባም ተናዝዣለሁ። ለእሳቸው ግን፣ በዚህ ሀገር በር ለከፈቱልኝ ሰው፣ አልተናገርኩም። «ነገ» አልኩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ልባቸው ደከመ። ብሌን ደወለችልኝ። ስደርስ አባ ሥጋ ወደሙን ይዘው አልጋው አጠገብ ቆመዋል። «ይርጋ፣ አፍህን ክፈት» ይሏቸዋል። ጋሽ ይርጋ ዐይናቸው ተገልጧል፤ አባን ያያሉ፣ እኔንም ያያሉ። ከንፈራቸው ግን ተገጥሟል። አባ ሦስት ጊዜ ለመኑ። አፋቸው አልተከፈተም። አልቻሉ ይሁን፣ አልፈለጉ ይሁን፣ አላውቅም። አባ አልቅሰው ይዘውት ተመለሱ።

ጆሯቸው ይሰማ ነበር ይላሉ ነርሶቹ። እጃቸውን ይዤ ነበር። ብሌንና አባ እዚያው ስለነበሩ ምንም አልተናገርኩም።

ፈትተውኝ ነው የሞቱት። የፈቱኝ ግን ካልሠራሁት ጥፋት ነው።

ከዚያ በኋላ ቢቨር ሦስት ዓመት ገፈፍኩ። ሌላ ሥራ አልፈለግሁም፤ የሚገባኝ እሱ መሰለኝ። ሚስተር ዌይን ጋራዡን ሲዘጉ አሮጌውን ማርከር ከነክዳኑ ሰጡኝ። አሁን ኦሮራ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ። አዲስ የሚገቡ የሀገሬ ልጆች «እማማ አስካለ፣ ሥራውን አሳዪን» ይሉኛል። ካራ አያያዝ፣ ሥጋ አጠባበቅ አሳያቸዋለሁ። ብዙ አልመክርም። ይህችን ብቻ እነግራቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስሙን ጻፉ፣ ከዚያ ክደኑ። ስሙ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ፣ ጎላ አድርጋችሁ ጻፉት።